ውሃ ጭስን አያጥብም

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዬ ከምሳ በኋላ ባሉት ክፍለ ጊዜያት ራሱን እንደሚያመው እየነገረኝ ከክፍል ይወጣ ነበር። ቢሮዬ ጠርቼ ባነጋግረው፣ ከጓደኞቹ ጋር ከግቢው ውጭ ሺሻ ማጨስ ከጀመረ ወራት እንደተቆጠሩ አልደበቀኝም። ሲጋራ ግን በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ ካረጋገጠልኝ በኋላ፣ «ዶክተር፣ ሺሻ እኮ በውሃ ውስጥ ስለሚያልፍ ይጠራል» አለኝ። ይህን ያለኝ ጋዞች በፈሳሽ ውስጥ ስለሚሟሙበት ሕግ ተምሮ በፈተናም ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ነው። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያስገደደኝም ይኸው ንግግሩ ነው።

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን እንመርምረው። አጫሹ ቱቦውን ሲስብ ከውሃው በላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል። የውጪው አየርም በፍሙ ላይ አልፎ፣ ትንባሆውን አግሎ፣ ጭሱን ይዞ ወደ ውሃው ይወርድና በአረፋ መልክ ይወጣል። አረፋው ያን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ለማቋረጥ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ውሃው የሚያገኘው የአረፋውን ገጽ ብቻ ሲሆን በመካከሉ ያለው ጭስ ሳይነካ ያልፋል። አብዛኞቹ የጭሱ ብናኞችም ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያነሱ በመሆናቸው ከጋዙ ጋር አብረው ይጓዛሉ። በእርግጥ በውሃ የሚሟሙ አንዳንድ ነገሮች በከፊል ይቀራሉ። የውሃው ዋና ሥራ ግን ጭሱን ማቀዝቀዝ ነው። ጉሮሮን የሚለበልበው ሙቀት ሲጠፋ አጫሹ ያለ ሥቃይ በጥልቀት ይስባል። ስለዚህ ውሃው ያስወገደው ማስጠንቀቂያውን እንጂ መርዙን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ማሳሰቢያ እንደተመለከተው፣ ሲጋራ አጫሽ ከአንድ ሲጋራ ከ0.5 እስከ 0.6 ሊትር ያህል ጭስ ሲያስገባ፣ ሺሻ አጫሽ ግን በአንድ መቀመጫ ከ50 እስከ 200 ጊዜ ሊስብ ይችላል፤ በእያንዳንዱም ከ0.15 እስከ 1 ሊትር ጭስ ያስገባል። ዝቅተኛውን ቁጥር እንኳ ብንወስድ ድምሩ 7.5 ሊትር ነው። የጭስ መጠንና የመርዝ መጠን አንድ ባይሆኑም፣ ይህ በመጠን ከአሥር ሲጋራ ጭስ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከሰሉ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ፍም ይዞ መተኛት ስንቱን ቤተሰብ እንደፈጀ በአገራችን የማያውቅ የለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ከደማችን ሂሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣመራል። በውሃ የመሟሟት ችሎታው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የሺሻው ውሃ አያግደውም። ወደ ደም የገባው ጋዝ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአዲስ አበባ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ መሆኑንም ልብ ይሏል። ሐኪም ባለመሆኔ ስለ ተማሪዬ ራስ ምታት መፍረድ አልችልም፤ ወደ ክሊኒክ እንዲሄድ መክሬዋለሁ። ነገር ግን እናቱ ማንደጃውን ከመኝታ በፊት ደጅ እያወጣች ያሳደገችው ልጅ ያንኑ ፍም በቱቦ ከሳንባው ጋር እንዳገናኘው ሳስብ አዝናለሁ።

ሺሻው ትንባሆ ከሆነ ደግሞ ኒኮቲን አለበት። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ገደማ እድገቱን አይጨርስም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ኒኮቲን የለመደ ወጣት ሱሱ ይበልጥ ይጸናበታል፤ ትኩረቱና የመማር ችሎታውም ይጎዳል። የፖምና የናና ጣዕሙ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሺሻንም አግዷል። አዋጁን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ አዋጅ ቤት ያሽጋል እንጂ «ውሃው ያጠራዋል» የሚለውን እምነት አያፈርስም። ይህ የእኛ የሳይንስ መምህራን ሥራ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ የፊዚክስ መምህር ስለ ምግባር መስበክ የለበትም ይላሉ። እኔም ስብከት አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት፣ ጭስ ማስወጫ ባለው ላቦራቶሪ ከፍም የሚወጣውን ጋዝ በውሃ ውስጥ አሳልፈን ከውሃው በፊትና በኋላ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን በተማሪዎቻችን ፊት እንድንለካ ነው።

እኔ ራሴ ይህን ትምህርት ለዓመታት ሳስተምር ምሳሌዬ የለስላሳ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ተማሪዬ ሕጉን በሚገባ አጥንቶ ለሳንባው ግን ሳይጠቀምበት የቀረው በእርሱ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ምሳሌዬን እለውጣለሁ፤ ባልደረቦቼም እንዲሁ እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።