ሕንፃና ጎዳና፦ የሦስት መካከለኛ የአሜሪካ ከተሞች መሀል ሲነጻጸር

ስለ አሜሪካ ከተሞች በአማርኛ ሲጻፍ ቀድመው የሚጠሩት ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ፣ በኢትዮጵያውያን መኖሪያነታቸው ደግሞ ዋሺንግተን፣ ሲያትልና ሚኒያፖሊስ ናቸው። ከእነዚህ በታች ያሉት መካከለኛ ከተሞች የሚነሡት ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ስለ መዘጋቱና ነዋሪ ስለ መፍለሱ ምሳሌ ሲፈለግ ብቻ ነው። ይህ አያያዝ ለከተማ ጥናት ጉዳት አለው። አንድ ከተማ መሀሉን እንዴት እንደሚያጠፋና እንዴት እንደሚመልስ ለማየት፣ ገንዘብ ከሚጎርፍባቸው ታላላቅ ከተሞች ይልቅ እያንዳንዱን ብር ቆጥረው የሚያወጡት መካከለኛዎቹ የተሻለ ያስተምራሉና።

ቡፋሎ፣ ሲንሲናቲና ሚልዋኪ ለንጽጽር የሚመቹት ታሪካቸው ስለሚቀራረብ ነው። ሦስቱም በ19ኛው መቶ ዘመን በውኃ መንገድ ያደጉ ናቸው፤ ቡፋሎ እ.ኤ.አ. በ1825 በተከፈተው የኢሪ ቦይ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ሲንሲናቲ በኦሃዮ ወንዝ፣ ሚልዋኪ በሚሺጋን ሐይቅ ወደቧ። ሦስቱም ብዙ ጀርመናውያን ስደተኞችን ተቀብለዋል፤ ሦስቱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነዋሪያቸው ወደ ዳርቻ መንደሮች ፈልሶባቸዋል። ቡፋሎ በ1950 ከነበሯት 580,132 ነዋሪዎች በ2020 የቀሯት 278,349 ናቸው። ሲንሲናቲ በዚያው ጊዜ ከ503,998 ወደ 309,317 ወርዳለች። ሚልዋኪ ዘግይታ ጀምራ በ1960 ከነበራት 741,324 በ2020 ወደ 577,222 ደርሳለች።

የከተማ መሀል ውበት ሲመዘን ሁለት መለኪያዎች ይዘወተራሉ። አንዱ የሕንፃዎቹ ክብር ነው፤ ሌላው በሕዝብና በባለሀብት ገንዘብ የተሠራው ታላቅ ፕሮጀክት፣ ማለትም ስታዲየሙ፣ የስብሰባ ማዕከሉ ወይም ሙዚየሙ ነው። ሁለቱም በፎቶግራፍ ያምራሉ፤ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን የሚያደርጉለት ነገር ጥቂት ነው። እግረኛን የሚስበውና የሚያቆየው ከአንድ ክፍት ደጃፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ማጠሩ ነው። ጎዳናው ሳይቆረጥ ከቀጠለ ተራ ሕንፃ ይበቃዋል፤ ከተቆረጠ ግን የዓለም ምርጥ ሕንፃም አያድነውም። ሦስቱ ከተሞች በዚህ ሲመዘኑ በሕንፃ ጥበብ ቀዳሚ የሆነችው ቡፋሎ የመጨረሻውን ስፍራ ትይዛለች።

የቡፋሎ ሀብት በእርግጥ የሚያስቀና ነው። ጆሴፍ ኤሊኮት በ1804 የነደፈው ፕላን ጎዳናዎቹን ከአንድ አደባባይ እንደ ጨረር ያወጣቸዋል። በ1896 የተጠናቀቀው የሉዊስ ሱሊቫንና የዳንክማር አድለር ጋራንቲ ሕንፃ በሸክላ ጌጡና ወደ ላይ በሚመዘዘው ቅርጹ በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ታሪክ ውስጥ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የዳንኤል በርንሃም ኤሊኮት ስኩዌር ተከፈተ። በ1931 የተጠናቀቀው ባለ 32 ፎቅ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ደግሞ በአርት ዴኮ ቅጥ ከተሠሩት የአገሪቱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎች ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። የፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድ የመናፈሻዎች ሰንሰለትም ከ1868 ጀምሮ በዚህችው ከተማ ተዘርግቷል። መጠኗን ለሚያክል ከተማ ይህን ያህል ቅርስ መያዝ ብርቅ ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሕንፃዎች መካከል ያለው ምንድን ነው? በብዙ ቦታ መልሱ የመኪና ማቆሚያ ነው። የፍራንክ ሎይድ ራይት ላርኪን ሕንፃ ከመሀል ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በነበረበት ስፍራ በ1950 ፈረሰ። በመሀል ከተማው የነበረውና እንደ ቤተ መንግሥት የሚታየው የኢሪ ካውንቲ ቁጠባ ባንክ በ1968 ፈርሶ በምትኩ ጀርባውን ለጎዳና የሰጠ የቤት ውስጥ የገበያ አዳራሽ ተተከለ። በ1960ዎቹ የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ትልቁን አዲስ ግቢ በመሀል ከተማው የውኃ ዳርቻ እንዲሠራ ሐሳብ ቢቀርብም፣ ግቢው አምኸርስት በተባለው የዳርቻ መንደር ተሠራ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በየቀኑ ሊረግጡት የሚችሉት ጎዳና በዚህ ውሳኔ አመለጠ። ከዚህ የበለጠ ውድ ስሕተት በከተማዋ የፕላን ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የከተማ ባቡር የዚያን ውሳኔ ጉዳት ለመጠገን አልቻለም። ባቡሩ ከመሀል ሲወጣ ከመሬት በታች፣ በመሀል ከተማ ግን በምድር ላይ የሚሄድ፣ የሌሎች ከተሞችን ልማድ የገለበጠ ነው። ሐዲዱ ለተዘረጋበት ለሜይን ጎዳና ሲባል መኪና ታገደ፤ ሱቆቹ ግን እየተዘጉ ሄዱ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ መኪና በየክፍሉ እንዲመለስ ተደረገ። ብዙዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት «የእግረኛ ጎዳና በአሜሪካ አይሠራም» የሚል ነው። ትምህርቱ የተሳሳተ ይመስላል። ጎዳናው የጎደለው መኪና አልነበረም፤ በላዩ የሚያድር ነዋሪና ከጀርባው የተያያዘ ሰፈር ነበር። ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው የኤልምውድ ጎዳና በተራ የእንጨትና የጡብ ቤቶች መካከል ሕያው ሆኖ የሚታየው፣ ደጃፎቹ ስላልተቆራረጡና ሰዎች ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንገዶች ስለሚኖሩ ነው። ለቡፋሎ ፍትሐዊ ለመሆን ግን በ2017 ያጸደቀችው የመሬት አጠቃቀም ሕግ አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ ያስገድድ የነበረውን ደንብ በመላ ከተማዋ አስቀርቷል። በዚህ ረገድ ከአሜሪካ ከተሞች ቀዳሚ ናት፤ የሕጉ ፍሬ ግን ባዶውን መሬት እስኪሞላው ጊዜ ይፈልጋል።

ሚልዋኪ ከሱሊቫን ጋራንቲ ጋር የሚወዳደር ሕንፃ የላትም ቢባል ብዙም የሚከራከር አይገኝም። በ2001 የተከፈተው የሳንቲያጎ ካላትራቫ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ክንፍ፣ እንደ ወፍ ክንፎቹን የሚዘረጋና የሚያጥፍ፣ የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። ሆኖም ሙዚየሙ በሐይቁ ዳር ለብቻው የቆመ ስለሆነ ለጎዳናው የሚያበረክተው ጥቂት ነው። ከተማዋን የሚያስመሰግናት ሦስተኛው ቀበሌ የሚባለው ሰፈር ነው። በ1892 የተነሣ ቃጠሎ ሰፈሩን አወደመው፤ ከዚያ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ የተሠሩት የጡብ መጋዘኖች ቁመታቸውም ቅጣቸውም የተቀራረበ ሆነ። አንዳቸውም ለብቻው ተአምር አይደለም። በአንድነት ሲቆሙ ግን ጎዳናውን እንደ ግድግዳ ይዘውታል፤ ከሥራቸው ምግብ ቤት፣ ሱቅና ቲያትር፣ ከላያቸው መኖሪያ ገብቶባቸዋል። በ2005 የተከፈተው የሕዝብ ገበያና በወንዙ ዳር የተዘረጋው የእግረኛ መንገድ ሰፈሩን ከቀሪው መሀል ከተማ ጋር ለማያያዝ ረድተዋል።

ሚልዋኪ መቁረጥም መስፋትም የምታውቅ ከተማ ናት። ገና ስትመሠረት ከወንዙ ምሥራቅና ምዕራብ የነበሩት ተቀናቃኝ መንደሮች ጎዳናዎቻቸው እንዳይገናኙ ሆን ብለው አጣመው ቀየሷቸው፤ ጠባቸው በ1845 «የድልድይ ጦርነት» እስከ መባል ደረሰ። መሀል ከተማው ውስጥ ያሉት አንዳንድ ድልድዮች ዛሬም ወንዙን በሰያፍ የሚያቋርጡት በዚያ ቂም ምክንያት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ጉዳት የከፋ ነበር። በ1960ዎቹ የአውራ ጎዳና ግንባታ የጥቁሮች የንግድና የመዝናኛ ሰፈር የነበረውን ብሮንዝቪልን አፈረሰ። ከንቲባ ጆን ኖርኲስት ግን በዘመናቸው ፓርክ ኢስት የተባለውን፣ ሳይጠናቀቅ የቀረ ከፍ ያለ አውራ ጎዳና እንዲነሣ ተከራከሩ፤ በ2002 እና በ2003 ፈረሰ። ተጠራጣሪዎች ብዙው መሬት ከዐሥር ዓመት በላይ ባዶውን መቆየቱን ያነሣሉ፤ እውነትም ነው። ሆኖም አውራ ጎዳናው እንደቆመ ቢሆን ኖሮ ቦታው ለዘለዓለም ባዶ ነበር፤ ዛሬ ግን የጎዳና መስመር ተመልሶለት ሕንፃ እየበቀለበት ነው።

በሲንሲናቲ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ከሦስቱ እጅግ ውብ የሆነው ጎዳናም፣ እጅግ ከባዱ ጥያቄም ያሉት በእርሷ ነው። «ከራይን ማዶ» የሚል ትርጉም ያለው ኦቨር ዘ ራይን የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ጀርመናውያን ነዋሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ይሻገሩት የነበረውን ቦይ በራይን ወንዝ መስለው ስለ ጠሩት ነው። ቦይው በኋላ ደርቆ በእርሱ ላይ ሰፊ ጎዳና ተሠራ፤ ከጎዳናው ሥር ደግሞ በ1920ዎቹ ተጀምሮ ገንዘብ ያለቀበት፣ አንድም ተሳፋሪ ያላጓጓዘ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ አለ። ከጎዳናው ማዶ የ19ኛው መቶ ዘመን የጡብ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል። ፊንድሌይ ገበያ ከ1855 ጀምሮ ያለማቋረጥ ይነግዳል፤ ሙዚክ ሆል ከ1878 ጀምሮ አለ። ይህ ሁሉ ሊተርፍ የቻለው በጥበቃ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ በድህነት ስለቆየ ለማፍረስ ገንዘብ የሚያወጣ አልነበረም።

በአቅራቢያው ያለው ዌስት ኤንድ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለኢንዱስትሪ መንደርና ለአውራ ጎዳና ሲባል ከ25,000 በላይ ሰዎች፣ በአብዛኛው ጥቁሮች፣ ከዚያ ተነሡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ኦቨር ዘ ራይን ገቡ። በ2001 አንድ ያልታጠቀ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊስ ሲገደል ብጥብጡ የተቀሰቀሰው በዚሁ ሰፈር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የከተማዋ ትላልቅ ኩባንያዎች የደገፉት ስሪሲዲሲ የተባለ የልማት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በርካታ ሕንፃዎችን ገዝቶ አደሰ፤ ዋሺንግተን ፓርክ ታድሶ በ2012 ተከፈተ፤ በ2016 ትራም ሰፈሩን ከወንዙ ዳር ጋር አገናኘ። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው ሲንሲናቲ ይህ ነው። በአንጻሩ ካውንቲው በ1996 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀ የሽያጭ ታክስ ጭማሪ በወንዙ ዳር ያሠራቸው ሁለት ስታዲየሞች አሉ። ከሁለቱ የእግር ኳሱ፣ ማለትም የአሜሪካኖቹ፣ በዓመት በሜዳው የሚያስተናግደው ዐሥር ያህል ጨዋታ ነው፤ በቀሩት ቀናት ዙሪያው ጭር ይላል። ፊንድሌይ ገበያ በአንድ ቅዳሜ የሚያደርገውን ለመሀል ከተማው ዕለታዊ ሕይወት አያደርግም።

ጥያቄው ግን ጎዳናው ለማን ተመለሰ የሚለው ነው። በድህነቱ ዘመን ሰፈሩን ያቆዩት ተከራዮች ብዙዎቹ ውበቱ ሲታወቅ ኪራዩን መቋቋም አልቻሉም። የዕድሳቱ ደጋፊዎች በ2000 ቆጠራ ሰፈሩ ከ8,000 ያነሱ ነዋሪዎችና በርካታ ባዶ ሕንፃዎች እንደነበሩት በማስታወስ «የተፈናቀለ የለም፣ የሞላነው ባዶ ቤት ነው» ይላሉ። መከራከሪያው ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በባዶ ቤት የተጀመረው ዕድሳት የጎረቤቱን ቤት ዋጋም ያንራል፤ ተከራዩ የሚለቀው በቡልዶዘር ሳይሆን በኪራይ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ኪራይ የሚያዙ ቤቶችን በሕግና በባለቤትነት ማስጠበቅ ከፊት ገጽታ ዕድሳት በፊት መቅደም ነበረበት፤ መሬት ርካሽ በነበረበት ጊዜ ይህን ማድረግ ይቻል ነበር። ቡፋሎ ባዶ መሬቷን ገና ስላልሞላች ይህ ዕድል አሁንም በእጇ አለ።

ያልተቆረጠ ጎዳና የድሮ ሰፈር በረከት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ በደቡብ ካሮላይና ያለችውን፣ በ2020 ከ70,720 ያልበለጠ ሕዝብ የነበራትን ግሪንቪልን ሊመለከት ይገባል። ከናዚዎች ሸሽተው ከቪየና የመጡት ከንቲባ ማክስ ሄለር በ1970ዎቹ ባለ አራት መስመሩን ዋና ጎዳና ወደ ሁለት መስመር አጥብበው የእግረኛ መንገዱን አሰፉ፣ ዛፍ አስተከሉ። መኪና አልታገደም፤ ዝግ እንዲል ብቻ ተደረገ። በ2002 ደግሞ የሪዲ ወንዝን ፏፏቴ የሸፈነው የመኪና ድልድይ ተነሥቶ መናፈሻ ተሠራ። ሮቸስተርም ከ2014 እስከ 2017 መሀሏን እንደ ቦይ የከበባትን የቀለበት መንገድ ምሥራቃዊ ክፍል በአፈር ደልድላ ቤት ሠርታበታለች።

በእነዚህ ከተሞች ላይ ጥናት የሚያደርግ ተመራቂ ተማሪ የፎቆችን ብዛትና የፕሮጀክቶችን ወጪ ከመደርደር ይልቅ ቀላል ቆጠራ ቢጀምር የበለጠ ይጠቀማል፦ በመቶ ሜትር ጎዳና ላይ ስንት የሚከፈት በር አለ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላስ ስንቱ ክፍት ነው፣ ከመሬቱ ስንት እጁ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ከሱቁ በላይ ያለው ቤት ኪራይ ለሱቁ ሠራተኛ ይቻላል ወይ። በ2020 ወረርሽኙ ቢሮዎችን ባዶ ሲያደርግ፣ ከቢሮ ሠራተኛ በቀር ሌላ ተመላላሽ ያልነበራቸው መሀል ከተሞች ምን ያህል ደካማ እንደነበሩ ታይቷል፤ ይህን የሕንፃ ቁመት አስቀድሞ ሊነግር አይችልም ነበር።

ለእንዲህ ያለው ቆጠራ አመቺ ስፍራ ደግሞ አሁን በሚልዋኪ አለ። ሦስተኛውን ቀበሌ ከቀሪው መሀል ከተማ የሚለየው ከፍ ያለው አይ-794 አውራ ጎዳና አርጅቷል፤ ይጠገን ወይስ ይነሣ የሚለው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በይፋ እያከራከረ ነው። የመጓጓዣ መሐንዲሶች ክርክሩን በመኪና ደቂቃዎች ይለኩታል። ከድልድዩ በስተደቡብ ያሉትን ደጃፎች ቆጥሮ፣ ከድልድዩ ሥር ያለው ባዶ ስፋት በዚያው ስሌት ስንት ደጃፍ እንደሚይዝ የሚያሳይ ጥናት ግን ሊቀርብ የሚገባው ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ነው።