ዘፍጥረት አንድ የክርክር ዱላ አይደለም

በወጣት ኅብረታችን ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ሲነሣ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ምዕራፉ ሳይነበብ ክርክሩ ይጀመራል። ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ነው ወይስ ዘመን? ዳይኖሰር የት ገባ? ድንቅነሽስ? አንዱ ከዩቲዩብ የሰማውን ያመጣል፣ ሌላው በቴሌግራም የተላከለትን ያነባል። ሰዓቱ ያልቅና በጸሎት እንዘጋለን። ምዕራፉን ግን ማንም አላነበበውም።

ይህ ልማድ ይቁም እላለሁ። ሳይንስን ፈርቼ አይደለም፤ ቃሉ ስለሚከበር ነው።

እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቦታ ይዘጋጃል፦ ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ሰማይ ከውኃ ይለያል፣ የብስ ይገለጣል። በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ቦታው ባለቤት ያገኛል፦ ለሰማይ ብርሃናት፣ ለውኃና ለአየር ዓሦችና ወፎች፣ ለየብስ እንስሳትና ሰው። እናቶቻችን እንግዳ ሳይደርስ ቤቱን ጠርገው ቄጠማ እንደሚጎዘጉዙ ማለት ነው። ፀሐይና ጨረቃ በስማቸው እንኳ አልተጠሩም፤ ታላቁና ታናሹ ብርሃን ብቻ ተባሉ። ግብፅና ባቢሎን የሰገዱላቸው እነዚህ ብርሃናት በዚህ ምዕራፍ አገልጋይ መብራቶች ናቸው። ምዕራፉ የሚመልሰው ጥያቄ ማን ፈጠረ፣ ለምንስ ፈጠረ የሚለውን ነው።

«እንግዲያው ቃሉን ተረት ልታደርገው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። የእግዚአብሔር ቃል ነው ብዬ ስለማምን ነው የራሱን ጥያቄ ይመልስ የምለው። ከ1600 ዓመታት በፊት በሰሜን አፍሪካ የነበረው አውግስጢኖስ ዘፍጥረትን ሲተረጉም ይህንኑ አስጠንቅቋል፦ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስን ጠቅሶ ስለ ሰማይና ከዋክብት የማያውቀውን ቢናገር፣ የሚሰማው ሰው ስለ ትንሣኤ የምንነግረውንም አያምንም።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን የሚያልፈው ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል። በዚያው በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ፣ ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ተገኘች። ተመራማሪዎች ዕድሜዋን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይላሉ። ልጆቻችን በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ግቢ ሲገቡ ይህን ከመምህርና ከጓደኛ ይሰማሉ። እምነቱን በአንዲት ክርክር ላይ ያንጠለጠልንለት ልጅ፣ ክርክሩን የተሸነፈ ቀን ጌታም የተሸነፈ ይመስለዋል። ዝም ብሎ ከኅብረቱ ይቀራል። እኛም «ዓለም ወሰደው» እንላለን። ዓለም ብቻ ነው የወሰደው?

ደግሞም ክርክሩ ለእኛ ይመቸናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። ከዚህ ምዕራፍና ከተከታዩ የሚከብደው የቀኑ ርዝመት ሳይሆን የሚያዝዘን ነገር ነው።

ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ይላል፤ ወንድና ሴት። ወንጌላዊ፣ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም የሚል አልተጨመረበትም። እዚህ ወሎ ውስጥ ቡና የሚያጣጣን ጎረቤት፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ የምትውለው እህታችን፣ የምንጠላውም ሰው ያ መልክ አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱ ከተሞቻችን ሲያዙና ሲለቀቁ ያየን ሰዎች፣ ይህ መልክ ሲረሳ ምን እንደሚከተል እናውቃለን።

ሰው ምድርን እንዲያለማና እንዲጠብቅ ተሾመ ይላል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ቦርከና እንደሚደርስ ተጠንቶ ተጽፏል። ፋብሪካዎቹን ብቻ አንውቀስ፤ ፕላስቲኩን ከድልድይ ላይ የምንወረውረው እኛ ነን። ስለ ፍጥረት አጀማመር ሁለት ሰዓት ተከራክሮ፣ ሲወጣ የውኃ መያዣውን ቦይ ውስጥ የሚጥል ወጣት የትኛውን ዘፍጥረት ነው ያነበበው?

እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ዐረፈ ይላል። ልብ በሉ፤ በስድስቱ ቀናት መጨረሻ «ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ» የሚለው ቃል በሰባተኛው የለም። ቀኑ ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ወደ ዕረፍቱ እንድንገባ የተከፈተ ደጃፍ ይመስለኛል። እኛ ግን ስልካችንን ለአንድ ሰዓት ማጥፋት አቅቶናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጥናታችሁ ይህን አድርጉ። ምዕራፉን እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ቁጥር ሦስት ድረስ፣ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ፣ አንባቢ እየቀያየራችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያም እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ እግዚአብሔር እንዴት ያለ አምላክ ሆኖ አገኛችሁት? ሳይንስ መማር የሚፈልግም ይማር፤ በርትቶ ይማር፣ ሳይፈራ ይጠይቅ። ክርክሩ ለሌላ ሳምንት ይደርሳል።