የሦስት ቀን ዕረፍት ወይስ የሦስት ቀን ዕጣ?

የክረምቱ ጉም ከእንጦጦ ራስ ላይ በተነሣ ጊዜ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት ቤቶች አዲስ ዓይነት ምክር ይመከራል። ምክሩ የሠርግ ወይም የተዝካር አይደለም፤ የመንገድ ነው። ንግዱ የተቃናለት ነጋዴ፣ ደመወዙ የተደላደለለት ጸሐፊ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የመጣለት ጐልማሳ ከቡና በኋላ ተሰብስበው ወደ ባሕር ጠረፍ ወርዶ ሦስት ሌሊት ስለ ማደር ይማከራሉ። አንዱ ሞምባሳን ያነሣል፤ ሁለተኛው ጅቡቲን፤ ሦስተኛው ደግሞ ሩቅ ተመኝቶ ሞንቴ ካርሎን ይጠራል። ስለ ማደሪያውና ስለ መጓጓዣው ብዙ ከተነገረ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በባሕሩ አጠገብ ካዚኖ የሚባለው የቁማር ቤት ነው። ለሚስትና ለልጆች የሚነገረው የጉዞ ምክንያት ባሕሩ ነው። ከሣጥን የሚወጣው ገንዘብ ግን የሚሰፈረው በካዚኖው ልክ ነው።

ባሕር ማየትን ነውር የሚል ሊቅ የለም። ይልቁንም የኢትዮጵያ ሰው ባሕር ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ምጽዋ በኢትዮጵያ እጅ ሳለች የአዲስ አበባ ሰው በገዛ አገሩ ጠረፍ ይታጠብ ነበር፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን ጨው ውሃ የሚፈልግ ሁሉ ፓስፖርት ይዞ መውጣት ሆኖበታል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮች ባቡር አባቶችን ወደ ጅቡቲ ያወርድ ነበር፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ እዚያው ጠረፍ ይደርሳል። ወደ ሞምባሳ የሄደ ሰው ደግሞ ፖርቱጋሎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1593 መሥራት የጀመሩትን የኢየሱስ ምሽግ ያያል፤ በአሸዋው ላይ ይመላለሳል፤ ዓሣውን በልቶ፣ ልጆቹን በማዕበሉ አስቆ ይመለሳል። ይህን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ራሱ ይነቀፍ። ክርክሩ ከባሕሩ ጋራ አይደለም፤ ባሕሩን መጋረጃ አድርጎ ከኋላው ከተቀመጠው ቤት ጋራ ነው።

ካዚኖ የሚለው ቃል የጣሊያን ቋንቋ ነው፤ ሲተረጎም ትንሽ ቤት ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቤት ስንት ትልልቅ ቤት እንደ በላ የአውሮፓ ታሪክ ይመሰክራል። የቅኔ ተማሪም ነገሩን ሳይቸገር ይፈታዋል፤ ባሕሩ፣ ሙዚቃውና ጥላው ሰም ነው፤ ወርቁ በውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ነው። በቅኔ ግን ወርቁን የሚያገኘው ሰሚው ነው፤ በካዚኖ ሰሚው ሰሙን ይዞ ይወጣል፤ ወርቁ ለባለቤቱ ይቀራል።

የጨዋታው ሥራ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ሩሌት የሚባለው መንኰራኵር በአውሮፓ ሥርዐት 37 ማረፊያ አለው፤ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቍጥሮችና አንድ ዜሮ ናቸው። ሰው በአንድ ቍጥር ላይ 1 ብር ቢያስይዝና ኳሷ በዚያ ብታርፍ 35 ብር ይከፈለዋል፤ ያስያዘውም ይመለስለታል፤ በጠቅላላው 36 ብር ይዞ ይነሣል። እንግዲህ አንድ ብልኅ ነኝ ባይ ከመሸነፍ ለመዳን ሲል በ37ቱም ማረፊያ ላይ አንድ አንድ ብር ቢያስይዝ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል፤ ዳሩ ግን 37 አውጥቶ 36 ይቀበላል። በአሜሪካ ሥርዐት ደግሞ ሁለት ዜሮ ስላለ ማረፊያው 38 ይሆናል፤ ክፍያው ግን ያው 35 ነው። በአንድ ዙር 1,000 ብር የሚያስይዝ ሰው በአንድ ሰዓት 40 ዙር ቢጫወት በሰሌዳው ላይ 40,000 ብር አለፈ ማለት ነው፤ ከዚህም 37ኛው እጅ፣ 1,081 ብር ያህል፣ በመካከለኛ ግምት ለቤቱ ይቀራል። አንድ ሌሊት አሸንፎ የወጣ ሰው መኖሩ ሐሰት አይደለም፤ ወሬው የሚደርሰው ግን የእርሱ ብቻ ነው፤ የተሸነፈው ወሬውን ይዞ ዝም ይላል። ቤቱም በአንዱ ሰው ማሸነፍ አይደነግጥም፤ የሚታመነው በብዙው ሰውና በብዙው ዙር ነውና።

ይህን አሳምረው ከተረዱት መካከል የሞናኮ ሰዎች ይገኛሉ። ያች ትንሽ አገር በ1861 መንቶንንና ሮክብሩንን ለፈረንሳይ ለቅቃ በድኽነት ተቀምጣ ሳለች፣ በ1863 ፍራንሷ ብላን የሚባል ሰው የቁማሩን ፈቃድ ገዝቶ መጣ። በ1866 ኰረብታው በገዢው በቻርልስ ሦስተኛ ስም ሞንቴ ካርሎ ተባለ፤ በ1868 ባቡር ገባ፤ በ1869 ገዢው ለሕዝቡ የገቢውን ግብር ተወለት። እስከዚህ ድረስ የሚያስቀና ታሪክ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጋራ አንድ ሕግ ተያይዟል፤ የሞናኮ ተወላጅ በዚያ ቤት መጫወት ክልክል ነው። ጠላ ጠማቂዋ የገዛ ልጇን ከጋኑ አጠገብ ስታባርር ያየ ሰው ስለ ጠላው ምን ይጠይቃል? የጉለሌው መንገደኛ ግን የባለቤቱ ልጅ የተከለከለውን ገበታ ለመቅመስ የአውሮፕላን ዋጋ ይከፍላል።

በዚሁ ቤት በነሐሴ ወር 1913 በፈረንጆች አቆጣጠር የሆነው ነገር ለመምህራን ምሳሌ የሚሆን ነው። ኳሷ በጥቁሩ ቀለም ላይ ደጋግማ ማረፍ ጀመረች። ተጫዋቾቹም፣ እንግዲህ ቀዩ ተራው ደርሷል እያሉ በቀዩ ላይ ገንዘባቸውን አፈሰሱ። ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ በጥቁሩ ላይ ዐረፈች፤ በቀዩ የታመኑትም ብዙ ሚሊዮን ፍራንክ አጡ። መንኰራኵር ትናንት የሠራውን አያስታውስም፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በአእምሮ ከማንም የማያንስ፣ ክርስቲያንም የነበረ ሰው ነው፤ እርሱ እንኳ በጀርመን ከተሞች በዚህ መንኰራኵር ተይዞ የሚስቱን ጌጥና ልብስ በመያዣ እስከ መስጠት ደርሷል።

የጉዞው ወዳጆች የሚያቀርቡት መከላከያ አንድ ነው፤ የሚጫወቱት ለይተው ያስቀመጡትን ብቻ እንደ ሆነ ይናገራሉ። በጉለሌ ተቀምጦ መለየት ይቻላል። በዚያ ግን በበሩ ላይ ገንዘቡ ተለውጦ ባለ ቀለም ክብ ቁራጭ ይሆናል፤ ስለ ምን ቢባል፣ ሰው ብሩን ሲቈጥር እጁ ስለሚከብደው ነው። ክቧ ቁራጭ ግን የልጆች መጫወቻ ትመስላለች፤ የጤፍ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ተጽፎባት አይታይም። ከዚህም በላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። 100,000 ብር ይዞ የሚወጣ ሰው ድንበሩን ሲሻገር አንድ ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላለትም። ቁማሩ ገና ሳይጀመር ግማሹ በመንገድ ቀልጧል።

ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ ከወዴት እንደሚመጣ ነው። በጉለሌ ብዙው ሰው የሚያጠራቅመው በዕቁብ ነው። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ የጥበብ ልብስ ነጋዴው፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በአንድ ዕቁብ ይገናኛሉ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ አምስት አምስት ሺህ ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ቢኖር፣ ዕጣ የወጣለት 100,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው የራሱ የሆነው 5,000 ብቻ ነው፤ የቀረው 95,000 የወንድሞቹ ገንዘብ ነው፤ በ19 ሳምንት መልሶ ይከፍለዋል። ዳኛው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን የማያስረክበው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ዕቁቡን ይዞ ወደ ባሕር ቢወርድና በሦስት ሌሊት አራግፎት ቢመለስ፣ ያስያዘው የማንን ገንዘብ ነው? በሰሌዳው ላይ የተቀመጠው የሸማኔው ድር ነው፤ የዋሱ ቤት ነው። ዋሱ ባሕሩን አላየም፤ ሙዚቃውንም አልሰማም፤ ክፍያው ግን ወደ እርሱ ይመጣል።

አንዳንዱ ተከራካሪ በዚህ ላይ ፈገግ ብሎ ዕቁብም ዕጣ አይደለምን ይላል። መልካም ጥያቄ ነው። የዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ማን አስቀድሞ እንደሚወስድ ነው እንጂ ማን እንደሚያጣ አይደለም። በዕቁቡ መጨረሻ ሃያውም የጣለውን ያህል ወስዷል፤ ከመካከሉ አንድ ብር እንኳ ወደ ሌላ ኪስ አልገባም። በካዚኖ ግን ዕጣው በተጣለ ቍጥር ሠላሳ ሰባተኛው እጅ ከማኅበሩ ይወጣል። አንደኛው ዕጣ ተራ ያወጣል፤ ሁለተኛው ሰው ያራቍታል። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ መምረጣቸውን የሚጠቅስም አይጠፋም። ዕጣ የተጣለው ግን በዚያ ብቻ አይደለም፤ በመስቀል ሥር የተቀመጡትም ወታደሮች ጥለዋል፤ ያውም በሌላ ሰው ልብስ ላይ ነበር። የሌላውን ገንዘብ ይዞ ወደ ሰሌዳ የሚቀርብ ሰው ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ ራሱ ይመርምር።

እዚህ ላይ ካህናትም ሊታዘቡት የሚገባ አለ። ለሕንፃ ማሠሪያ ብሎ ቶምቦላ የሚያሸጥ የአጥቢያ ኮሚቴ፣ በማግስቱ የሰፈሩን ወጣት ከኳስ ውርርድ ቤት ውጣ ብሎ ሲገሥጽ ቃሉ ይቀልላል። ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ዓላማውም የተቀደሰ ነው ይባላል፤ ወጣቱ ግን የሚማረው ዓላማውን አይደለም፤ ቁራጭ ወረቀት ገዝቶ መኪና መጠበቅን ነው። ከመንገድ ዳሩ ውርርድ ቤት እስከ ሞምባሳው ሰሌዳ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብዙ ነው፤ በልማድ ግን ጥቂት እርምጃ ነው።

ሌሎች ደግሞ አገር ወዳድ ሆነው ይነሣሉ። ገንዘቡ ወደ ውጭ ከሚፈስ በላንጋኖ ወይም በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ካዚኖ ይሠራ፤ ሥራም ይገኛል፤ ግብርም ይሰበሰባል ይላሉ። ይህን ተስፋ የአሜሪካዋ የአትላንቲክ ሲቲ ከተማ አስቀድማ ሞክራዋለች። ያረጀች የባሕር መዝናኛ ነበረችና እንድትታደስ ሲባል የኒው ጀርዚ ሕዝብ በ1976 ድምፅ ሰጠላት፤ በ1978 የመጀመሪያው ካዚኖ ተከፈተ። ጥቂት ዘመን ሰው ጎረፈ። ጎረቤት ግዛቶች ግን ያንኑ ማድረግ ያውቁ ነበርና የየራሳቸውን ከፈቱ። በ2014 ብቻ አራት ካዚኖዎች ተዘጉ፤ ከነዚህም አንዱ ሬቨል የሚባለው 2.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቶ በ2012 የተከፈተ ነበር። በ2016 የግዛቱ መንግሥት የከተማይቱን አስተዳደር ተረከበ። ላንጋኖ እንዳለ ይበቃል፤ ዕረፍት የፈለገ ይዋኝበት። ከዚያም ወዲህ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጀልባ የሚያደርስበት የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ።

ጉለሌ ባሕር የላትም፤ ባሕር ዛፍ ግን አላት። ያም ከባሕር ማዶ በምኒልክ ዘመን የመጣ ነው። ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ አንዲቱ ሸክሟን ሽጣ የምታገኘውን ገንዘብ ኳሷ ገና ሳታርፍ የሚያስይዝ ጎረቤት በዚያው ቀበሌ ይኖራል። ሁለቱም በአንድ አጥቢያ ያስቀድሳሉ፤ ምናልባትም በአንድ ዕቁብ ይጥላሉ።

ስለዚህ ዕቁቡ የሚወጣበት እሑድ ሲደርስ ለዋስነት የተጠራው ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት፣ ወንድሜ፣ ይህ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይባልበትም። ለሱቅ ዕቃ ነው ቢባል ይፈርም። ለቤት ክዳን ነው ቢባል ይፈርም። ባሕር ለማየት ነው ቢባል ደግሞ ስንት ሌሊት፣ በየትኛው ማደሪያ፣ ከነማን ጋራ፣ ሚስቲቱና ልጆቹስ አብረው ይወርዳሉን ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን እስኪሰማም ብዕሩ በጠረጴዛው ላይ ይቈይ።