የሌፕ ግጭቶች መካነ ሰላም ይድረሱ

እ.ኤ.አ. በ1995 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን ተቋም የሚሠሩ ፊዚሲስቶች ግራ ተጋብተው ነበር። 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ዋሻ ውስጥ ኤሌክትሮንንና ፀረ ቅንጣቱን ፖዚትሮንን በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሮ የሚያጋጨው ሌፕ የተባለ ማሽን ጉልበቱ ቀን ቀን በጥቂቱ ይዋዥቃል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይረጋል፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ ይጀምረዋል። የፈረንሳይ ባቡር ሠራተኞች ሥራ ባቆሙበት ዕለት መዋዠቁ ጭራሽ ጠፋ። ለካ ከሐዲዱ ያፈተለከ የኤሌክትሪክ ጅረት በማሽኑ ቱቦ በኩል ያልፍ ኖሯል። ከዚያ ቀደም ብሎም የጨረቃ ስበት የማሽኑን ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚለጥጠው ለክተው አረጋግጠዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም። ፕሮቶንን ከፕሮቶን ማላተም ሁለት ጆንያ ገብስ እንደማላተም ነው፤ የትኛው ፍሬ ከየትኛው እንደተጋጨ በቅጡ አይታወቅም። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ግን እስካሁን በሚታወቀው ሁሉ በውስጣቸው ሌላ ፍሬ የላቸውም። ስለዚህ ሌፕ ዜድ የተባለውን ቅንጣት በሚሊዮኖች እያመረተ ክብደቱን በሚያስደንቅ ጥራት ለካ፤ የቀላል ኒውትሪኖ ዓይነቶችም ሦስት ብቻ መሆናቸውን አሳየ።

ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዘጋ፤ ዋሻውም ለሌላ ማሽን ተሰጠ። መዝገቡ ግን አልተቀበረም። ግጭቶቹን ከሚመዘግቡት አራት የሌፕ መመርመሪያዎች አንዱ የነበረው ዴልፊ የሰበሰበው መረጃ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ የሚማር ወጣትም፣ በአቀስታ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህርም ያለ ማንም ፈቃድ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ ዕድል ሳይነካ መቅረቱ ያስቆጫል።

ሥራው ምን ይመስላል? ተማሪው ኮምፒውተሩ ላይ የግጭቶቹን ሥዕል አንድ በአንድ ይከፍታል። ከመሃል ተነስተው በተቃራኒ አቅጣጫ እስከ መመርመሪያው የውጭ ሽፋን የዘለቁ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ካየ የሙዮን፣ ማለትም የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነው ቅንጣት፣ ጥንድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት የቅንጣት ዘለላ ተበትኖ ካየ ደግሞ ዜድ ወደ ኳርኮች፣ ማለትም በፕሮቶን ውስጥ ወዳሉት ዓይነት ፍሬዎች፣ ፈርሷል። እየለየ ይቆጥራል። በቂ ከቆጠረ ለአንድ የሙዮን ጥንድ ወደ 20 የሚጠጋ የኳርክ ፍንጣቂ ያገኛል። ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ ሸምድዶ ለፈተና መጻፍና በገዛ እጅ ቆጥሮ መድረስ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ኔትወርኩ ቢያስቸግር ለማስተማሪያ የሚበቃውን ያህል መረጃ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ማምጣት ይቻላል። የሚያስፈልገው ይህን ከቤተ ሙከራ ትምህርቱ ውስጥ የሚያስገባ የትምህርት ክፍልና ራሱ ቀድሞ የሚሞክር መምህር ነው።

የመካነ ሰላም ደጋ ራሱም የሚያዋጣው አለው። ፖዚትሮን እ.ኤ.አ. በ1932 በካርል አንደርሰን የተገኘው በማሽን ሳይሆን ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ውስጥ ነው። ያ ጨረር አየሩን ሲመታ የሚወለዱት ሙዮኖች በባሕር ጠለል ላይ እንኳ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ይወርዳሉ፤ ከፍታ ሲጨምር ይበዛሉ። ከሌፕ መመርመሪያዎች አንዱ ኤል 3 እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 እነዚህኑ ሙዮኖች ሲለካ ነበር።

ሙዮኖቹን ለመቁጠር የሚያስፈልጉት ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል የፕላስቲክ ቁራጭ፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ሲሊከን መሣሪያና አንድ ቆጣሪ ሰርኪዩት በከረጢት ይያዛሉ፤ የተማሪዎች ቡድን ሊገጣጥማቸው ይችላል። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ዓባይን ለመሻገር ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ተማሪዎች ጠዋት ከተማው ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ አጠገብ፣ በመካከሉም የተወሰኑ ቦታዎች ላይ እኩል ሰዓት ቢቆጥሩ ቁጥሩ ከቁልቁለቱ ጋር እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ የራሳቸው ግራፍ ይኖራቸዋል።