«አልደረሰም» የሚለው ሰው ማን ነው?

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጸጉራችን በዚህ ሥራ ላይ ሸብቷልና ልናገር። አዲስ የሶፍትዌር ፕሮጀክት በተነሣ ቁጥር ሙግታችን «አጃይል ይሁን ወተርፎል» ነው። የወተርፎል አባት የሚባለው ዊንስተን ሮይስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1970 የዘዴውን ሥዕል ሥሎ ሲያበቃ፣ ፍተሻን መጨረሻ ላይ መተው አደገኛ እንደሆነ እዚያው ጽፎ ነበር። እኛ ሥዕሉን ብቻ ይዘን ቀረን።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። «አልደረሰም፣ አይለቀቅ» ብሎ ማስቆም የሚችል ሰው ሳንሰይም ውል መፈረማችን።

የካናዳን መንግሥት አስቡ። ወደ 290,000 ለሚጠጉ ሠራተኞቹ ፊኒክስ በተባለ አንድ ሲስተም ደመወዝ ሊከፍል ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2012 አይቢኤም ሥራው 274 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል አለ፤ የተፈቀደው 155 ሚሊዮን ነበር። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ተጨማሪ ገንዘብ ከመጠየቅ ሥራውን መቁረጥ መረጡ። ወደኋላ ተመልሶ የሚታሰብ ክፍያ ሳይቀር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ2015 አስቀድሞ ሊደረግ የነበረው የሙከራ ትግበራ ተሰረዘ። በየካቲት 2016 ሲስተሙ ተለቀቀ። አንዱ ደመወዙ አነሰበት፣ ሌላው በዛበት፣ ጭራሽ ያልተከፈለውም ነበር።

የዚያን ጊዜው የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ማይክል ፈርግሰን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ከፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ውጭ የሚከታተል ገለልተኛ ዓይን አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ሹም የሚሰሙት ከእነዚያው ኃላፊዎች አንደበት ነበር። ተከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም አንድ የሆኑበት ችሎት ማለት ነው።

በእነሱ አልፈርድም። እኔም አንድ ጊዜ የፈታሾቹን የስህተት ዝርዝር መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ፣ ለቦርዱ አረንጓዴ የተቀባ ሪፖርት አቅርቤያለሁ። ከለቀቅን በኋላ እናስተካክለዋለን ብዬ። መጀመሪያ የደወለችልኝ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ከዘዴው ስም በፊት «አልደረሰም» የሚለው ሰው ስም በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ሹመቱም ጉርሻውም ሲስተሙ በሚለቀቅበት ቀን ላይ ያልተንጠለጠለ፣ የሥራ አስኪያጁን ፈቃድ ሳይጠይቅ ቦርዱ ፊት የሚቀርብ ይሁን። አጃይልን ከመረጣችሁም፣ በየሁለት ሳምንቱ ሥራውን የምታየው የምትጠቀምበት የሒሳብ ሠራተኛዋ ትሁን፤ አለቆች ከኋላዋ ይቀመጡ። «ሙከራው ይቅር» የሚል ሲመጣ ደግሞ ምክንያቱን ጽፎ በስሙ ይፈርም። ብዕሩን ሲያነሣ እጁን እዩ።