የሳይንስ ዜና ለማን ነው?

ተማሪዎች ሆይ፣ የሳይንስ ዜና በዘመናችን ብርቅ አይደለም። ራዲዮው ስለ መንኮራኩር ያወራል፤ ቴሌቪዥኑ የሮኬት መወንጨፍ ያሳያል፤ የእጅ ስልኩም በየሰዓቱ «ተገኘ፣ ተፈለሰፈ» ይላል። ይሁን እንጂ ከሰሚዎቹ መካከል ዜናውን የራሱ ጉዳይ አድርጎ የሚቀበለው ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን «የሰው ልጅ የት ደረሰ!» ብለን ተደንቀን ወደየሥራችን እንመለሳለን። እኔ በበኩሌ ሰሚው በዓይኑ ሊያየው ወይም በእጁ ሊለካው የሚችለውን ነገር የማይነግር የሳይንስ ዜና ግማሽ ዜና ነው እላለሁ። የቀረውን ግማሽ መሙላት ደግሞ የሰሚው፣ ይልቁንም የእናንተ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው።

ነገሬን በምሳሌ ላስረዳ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል አለፈች። በላሊበላና በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ፀሐይ መካከሏ ጠቁሮ በዳሯ ብቻ እንደ ቀለበት ስታበራ ተመለከቱ። ጨረቃ ከምድር የምትርቀው ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ አንዳንዴ ወደ 356 ሺህ ኪሎ ሜትር ትቀርባለች፤ አንዳንዴም ከ400 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ራቅ ስትል መልኳ አነስ ብሎ ስለሚታይ ፀሐይን ፈጽሞ መሸፈን ይሳናታል። ቀለበቱ የሚፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያን ሰሞን ያነጋገርኋቸው ሰዎች ግን «መቼና የት ይታያል?» ከማለት በቀር «ስለምን ቀለበት ሆነ?» ብለው አልጠየቁም።

በዚህ ረገድ እኔም ከነቀፋ አላመልጥም። ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ፀሐይ በከፊል በተጋረደች ጊዜ በማስተማር ሥራ ላይ ነበርሁ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ልጆቹ ፀሐይን አይተው ዓይናቸው እንዳይጎዳ በማሰብ በርና መስኮት ተዘግቶ ትምህርት እንዲቀጥል አዘዙ። አሳባቸው ክፉ አልነበረም። ክፍሉ ሲጨልም በቆርቆሮው ክዳን የምስማር ቀዳዳ የገባች ብርሃን በግድግዳው ላይ አረፈች። ሌላ ቀን ክብ የነበረችው ይህች ብርሃን በዚያን ዕለት እንደ ማጭድ ጎብጣለች። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ብርሃኗ ለምን ተቆረሰች?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «ደብተርሽን ተመልከቺ» አልኋት። የክፍለ ጊዜው ትምህርት ሰዋስው ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹን አስጨርሼ ወጣሁ። ፀሐይ ራሷ ተቆርሳ ከግድግዳችን ላይ ወርዳ ሳለች!

ያቺ ብርሃን የፀሐይ ምስል ነበረች። ብርሃን በቀጥታ መሥመር ስለሚጓዝ ከፀሐይ የላይኛው ጫፍ የመጣው በቀዳዳዋ አልፎ ከታች፣ ከታችኛው ጫፍ የመጣው ደግሞ ከላይ ያርፋል፤ ምስሉም ተገልብጦ ይሣላል። ቀዳዳዋ ትንሽ፣ ግድግዳውም ራቅ ያለ እስከሆነ ድረስ፣ ቀዳዳዋ አራት ማዕዘን ብትሆን እንኳ ምስሉ ክብ ነው።

ይህን ለማየት ግርዶሽ መጠበቅ አያስፈልግም። በወፍራም ካርቶን ላይ በመርፌ አንዲት ቀዳዳ ብሱ። ጓደኛችሁ ካርቶኑን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ይያዝላችሁ፤ እናንተ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ በቀዳዳዋ የሚያልፈውን ብርሃን ጥላ ባለበት ቦታ በነጭ ወረቀት ላይ ተቀበሉ። በካርቶኑና በወረቀቱ መካከል 2 ሜትር ርቀት ቢኖር የምስሉ ወርድ ከ18 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ርቀቱ የምስሉን ወርድ 107 ጊዜ ያህል ያጥፈዋል ማለት ነው። ፀሐይም ከእኛ የምትርቀው የራሷን ወርድ 107 ጊዜ ያህል ነው። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ለ107 ብታካፍሉት 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። የፀሐይን ወርድ በካርቶንና በማስመሪያ ለካችሁ!

«ይህማ የልጆች ጨዋታ ነው፤ እውነተኛው ምርምር በትላልቅ መሣሪያ የሚካሄድ ነው» የሚል አይጠፋም። የመሣሪያ ጥቅም አይካድም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያለው የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ነገር ግን ከመሣሪያው በፊት ሰዎቹ ነበሩ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመሠረት መሥራቾቹ ጥቂት አፍቃሪዎች ነበሩ፤ ደሀ አገር ስለ ጠፈር ማውራቷ እብደት ነው ያሏቸውም ነበሩ። የእንጦጦው ጣቢያ የተመረቀው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በካርቶን የጀመረ ሁሉ ቴሌስኮፕ ዘንድ ይደርሳል አልልም፤ መድረስም የለበትም። ፀሐይን አንድ ጊዜ የለካ ሰው ግን በየሰዓቱ ለሚመጣለት ዜና «ይህን እንዴት አወቁት?» የሚል ጥያቄ ማቅረብን ይለምዳል፤ ሐሰተኛውንም ወሬ በቀላሉ አይቀበልም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ ይመጣል። ፀሐይ በሙሉ የምትጋረደው በሰሜን አፍሪካ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲሆን፣ በግብፅ ሉክሶር አጠገብ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። በአገራችን በከፊል ይታያል። ያን ጊዜ ከጎረቤቶቻችሁ አንዳንዶቹ የራጅ ፊልም፣ አንዳንዶቹ ጥላሸት የተቀባ መስተዋት፣ ሌሎቹም በሣፋ የተቀዳ ውሃ ይዘው ይወጡ ይሆናል። ከሦስቱ አንዱም ዓይንን አያድንም። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል ሲቃጠል ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ፀሐይን በቀጥታ ለማየት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የግርዶሽ መነጽር ያሻል፤ መነጽሩ ከሌለ ካርቶኑ ይበቃል። በካርቶኑ ቀዳዳ ግን ፀሐይን አሾልኮ ማየት ፈጽሞ አይገባም፤ የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያረፈው ምስል ብቻ ነው።

ሐምሌ የክረምት ወር በመሆኑ ደመናው እንዳያሳያችሁ እሰጋለሁ። ስለዚህ ልኬቱን ከወዲሁ በበጋው ፀሐይ ተለማመዱት። በዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሰማዩ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢገለጥ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ውጡና ጎረቤቶቻችሁን ወደ ነጩ ወረቀት ጥሯቸው።