ነርቭ ሁኑ ያላቸው ማነው?

ስለ ጽንስ አፈጣጠር ሲነገር አንጎል ዘወትር የትእዛዝ ውጤት ሆኖ ይቀርባል። ጽንሱ በ3ኛው ሳምንት፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም በማይበልጥበት ጊዜ፣ አንዱ ክፍሉ የውጭ ሽፋኑን ተራ ሕዋሶች «ነርቭ ሁኑ» ይላቸዋል፤ እነሱም ታጥፈው ቱቦ ይሠሩና አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ይሆናሉ። ቆዳ ደግሞ ጥሪው ያልደረሳቸው ሕዋሶች ዕጣ ነው ይባላል። ትረካው የሚጥመን፣ የከበረ ነገር ሁሉ ልዩ ጥሪ ይሻል ብለን ስለምናስብ ይመስለኛል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ትእዛዝ የሚደርሳቸው ቆዳ የሚሆኑት ሕዋሶች ናቸው።

የተሳሳተው ትረካ የተወለደው ከአንድ ግሩም ሙከራ ነው። በጀርመን ፍራይቡርግ የሃንስ ስፔማን ተማሪ የነበረችው ሂልደ ማንጎልድ በሁለት ዓይነት የሳላማንደር ጽንሶች ላይ ትሠራ ነበር፤ የአንዱ ሕዋሶች ነጣ ያሉ፣ የሌላው ጠቆር ያሉ። ከነጣው ጽንስ ሕዋሶች ወደ ውስጥ መግባት ከሚጀምሩበት ከንፈር ቁራሽ ቆርጣ በጠቆረው ጽንስ ሆድ በኩል ተከለችው። ቆዳ ይሆን በነበረው ቦታ ላይ ሁለተኛ ጽንስ በቀለ፤ ጀርባ ያለው፣ የነርቭ ቱቦ ያለው፣ ከአስተናጋጁ ጋር እንደ መንታ የተጣበቀ። የሙከራው ፍሬ ነገር በቀለሙ ላይ ነበር። የአዲሱ ነርቭ ቱቦ ሕዋሶች በአብዛኛው ጠቆር ያሉት፣ ማለትም የአስተናጋጁ ነበሩ። የተተከለው ቁራሽ አንጎል አልሆነም፤ ጎረቤቶቹ እንዲሆኑ አደረገ እንጂ። ስፔማን ቁራሹን «አደራጅ» አለው። ጽሑፉ በ1924 ታተመ፤ ማንጎልድ በዚያው ዓመት በቤቷ በደረሰ የእሳት አደጋ ሞተች፤ ስፔማን በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይሁንና ሙከራው ራሱ ትእዛዝ ስለመሰጠቱ አንዳች አይናገርም። አንድ ሰው በር ሲከፈትለት ቢወጣ «ውጣ ተብሎ ነው» ለማለት አይቻልም፤ ተዘግቶበት ኖሮም ይሆናል። ስፔማን ያየው የበሩን መከፈት ነው። ያልጠየቀው ማን ዘግቶት እንደነበር ነው።

ይህ ጥያቄ ባለመጠየቁ ሳይንቲስቶች አሥርት ዓመታት አዛዡን ንጥረ ነገር ሲያሳድዱ ኖሩ። በ1930ዎቹ የሞተ አደራጅ እንኳ ነርቭ ማስነሳት ቻለ፤ ሜቲሊን ብሉ የተባለው ማቅለሚያም እንዲሁ። ቀለም ትእዛዝ ይሰጣል ማለት ነውን? ይህ ብቻ ትረካውን ማፍረስ ነበረበት። በ1989 ግሩንዝና ታክ የተባሉ ተመራማሪዎች የአፍሪካዋን ባለጥፍር እንቁራሪት የውጭ ሽፋን ሕዋሶች አንድ በአንድ ለያይተው ለሰዓታት ካቆዩ በኋላ መልሰው አሰባሰቧቸው። አደራጅ በአቅራቢያቸው አልነበረም፤ ሕዋሶቹ ግን ነርቭ ሆኑ። ከጎረቤት ሲለዩ የጠፋባቸው ነገር አለ፤ የጠፋው ደግሞ እርስ በርስ የሚለዋወጡት «ቆዳ ሁኑ» የሚል መልእክት ነበር። መልእክተኛው ቢኤምፒ የሚባል የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። ከአደራጁ የተገኙት ኖጊንና ኮርዲን የተባሉ ፕሮቲኖችም በተራቸው ሲመረመሩ ሥራቸው ቢኤምፒን ጨብጦ ከተቀባዩ ማገድ ሆኖ ተገኘ። በ2005 ማስረጃው ከሁለቱም አቅጣጫ ተሟላ፦ ኖጊን፣ ኮርዲንና ፎሊስታቲን የተባለ ሌላ የቢኤምፒ ከልካይ አብረው ሲታፈኑ የነርቭ ቱቦ የሚሆነው ሰሌዳ ጠፋ፤ በሌላ ሙከራ አራት የቢኤምፒ ወገኖች አብረው ሲታፈኑ ደግሞ የእንቁራሪቷ ጽንስ የውጭ ሽፋን በሙሉ፣ የሆዱ ጭምር፣ ወደ ነርቭነት ተለወጠ።

የዶሮ ጽንስን የሚያጠኑ ወገኖች ኤፍጂኤፍ የተባለ ሌላ መልእክት አስቀድሞ ካልደረሰ ቢኤምፒን ማገድ ብቻውን አይበቃም ይላሉ። ሙከራቸው ትክክል ነው፤ ትረካውን ግን አያድነውም። ኤፍጂኤፍ ራሱ ከሥራዎቹ አንዱ በሕዋሱ ውስጥ የቢኤምፒን መልእክት ማዳከም ነውና። የሰውን ነገር ለሚጠይቅም መልስ አለ። በ2009 የሰው ጽንስ ግንደ ሕዋሶች በሳህን ላይ ሳሉ ሁለት የመልእክት መንገዶች ታገዱባቸው፤ አንደኛው የቢኤምፒ ነበር። ማንም «ነርቭ ሁኑ» አላላቸውም፤ አብዛኞቹ ግን ሆኑ። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሰው ነርቭ ሕዋስ በብዛት የሚመረተው በዚሁ ዘዴ፣ በመከልከል ነው።